ስለ ጠጕር አቀራረጽ፤ ከጭቃና ከስቱኮ ትንንሽ አራዊት ለሚሠሩ ልጆችና ለወላጆቻቸው

በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን ስለ ማዕድ፣ ስለ ልብስና ስለ ልጆች አስተዳደግ ስንነጋገር ኖረናል። ዛሬ ደግሞ ጨዋታ መስሎ ትምህርት ስለሚሆን አንድ የእጅ ሥራ ለመጻፍ አስበናል፤ ይኸውም የአራዊት ትንንሽ ምስል ሲሠራ ጠጕሩን እንዴት አድርጎ መቅረጽ እንደሚገባ ነው። ነገሩ ታናሽ ይመስላል። ነገር ግን ጠጕር ለመቅረጽ የተቀመጠ ልጅ ከእጁ አስቀድሞ ዓይኑን ማሠልጠን ግድ ይሆንበታልና፣ ጥቅሙ የሚናቅ አይደለም።

በባላገር ካደገ ሰው መካከል በልጅነቱ ከብት ሲጠብቅ ከወንዝ ዳር ጭቃ አንሥቶ ላምና በሬ ያልሠራ ጥቂት ነው። የጭቃ በሬ ቀንድና ሻኛ ከወጣለት፣ ጠጕር ባይኖረውም በሬ መሆኑ ይታወቃል። አንበሳ ግን እንዲህ አይደለም። ጎፈሩን ያላወጡለት አንበሳ ውሻ ይመስላል፤ የትከሻው ጠጕር ያልተሠራለት ጭላዳም ከሌላ ዝንጀሮ አይለይም። የእነዚህ አራዊት ግርማ በጠጕራቸው ነውና። አባቶቻችን የአንበሳ ጎፈር በራሳቸው ላይ አስረው ሲወጡ ይህን ዐውቀው ነበር። የጎፈር ግርማ ደግሞ ከጠጕሩ ብዛት ይልቅ ከአወዳደቁ የሚመጣ ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ዋና ነገር ይኸው ነው፦ ጠጕርን የሚቀርጽ ሰው አወዳደቁን አይቶ ይቅረጽ እንጂ ጠጕርን በጠጕር እቈጥራለሁ አይበል።

በአዲስ አበባ የሚኖር ሰው ይህን ለማስተዋል ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት የተተከለው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት የፈረንሳዊው የአራዊት ቀራጺ የዦርዥ ጋርዴ ሥራ ነው። በ1923 ዓ.ም. ለዘውድ በዓል ተመረቀ፤ በጠላት ወረራ ዘመን ወደ ሮማ ተወስዶ ከቈየ በኋላም ወደ አገሩ ተመለሰ። ይህ አንበሳ ወርቅ የተቀባ ነሐስ ሲሆን አቀራረጹ ተፈጥሮን የተከተለ ነው። በብሔራዊ ቴአትር ፊት የቆመውን የድንጋይ አንበሳ ደግሞ በ1948 ዓ.ም. ለብር ኢዮቤልዩ በዓል የሠራው ሞሪስ ካልካ የተባለው ሌላ ፈረንሳዊ ነው፤ እርሱ ተፈጥሮን እንዳለ ከመከተል ይልቅ ታላላቅ ቅርጾችን መርጦ ሠራው። ሁለቱ አንበሶች በመልክ እጅግ ይለያያሉ። ይሁን እንጂ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ከሁለቱ ቀራጮች ጠጕርን አንድ በአንድ ለመቍጠር የደከመ የለም። አንዱ በዘለላ፣ ሌላው በገጽና በጥላ ግርማውን አወጡት።

እንዲህ የሚሆንበትን ምክንያት በስሌት ማስረዳት ይቻላል። በትከሻው በኩል አንድ ሜትር ቁመት ያለውን አንበሳ አምስት ሳንቲ ሜትር አድርገን ብንሠራው ሃያ ጊዜ አሳነስነው ማለት ነው። አንድ ስንዝር፣ ማለት ሃያ ሳንቲ ሜትር የሚያህል የጎፈር ጠጕር በምስሉ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የአንዲቱ ጠጕር ውፍረት የሚሊ ሜትር አንድ ዐሥረኛ ነው ብንል ግን፣ በሃያ ሲካፈል የሚሊ ሜትር አንድ ሁለት መቶኛ ይመጣል። ይህን ያህል ቅጥነት ወስፌም አይሠራው፣ ዓይንም አያየው። ስለዚህ በትንሽ ምስል ላይ የሚቀረጸው ጠጕሩ ራሱ ሳይሆን፣ ጠጕሮች ተሰብስበው የሚሠሩት ዘለላና በዘለላዎቹ መካከል የሚያርፈው ጥላ ነው።

ይህን ለማወቅ ማየት ያስፈልጋል። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1795 እስከ 1875 የኖረው አንቷን ሉዊ ባሪ የተባለው የታወቀ የአራዊት ቀራጺ፣ በፓሪስ ወዳለው የአራዊት ግቢ እየተመላለሰ ሕያዋኑን አራዊት ይመለከት፣ የሞቱትንም አካላቸው ሲከፈት እየተገኘ አጥንታቸውንና ጅማታቸውን ይለካ ነበር። የእኛም ልጆች አስቀድመው ይመልከቱ። ጭላዳ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር በዱር አይገኝም፤ እርሱን ለማየት እስከ ስሜን ተራራ መሄድ ግድ አይደለም፣ በደብረ ሊባኖስ ገደል አፋፍ ላይ ሣር ሲነጭ ይገኛል። ልጁ እርሳስና ወረቀት ይዞ፣ ጠጕሩ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚወርድ በቀስት ምልክት ብቻ ይጻፍ። ቆንጆ ሥዕል አያስፈልግም።

አሁን ወደ ዕቃው እንምጣ። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ሁሉ በመርካቶ ይገኛል። መርካቶ ገበያው በጠላት ዘመን ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ሲዛወር የተቋቋመ ሰፈር ነው፤ ስሙም በጣልያንኛ ገበያ ማለት ነው። ለሥራችን የሚያስፈልጉት የስቱኮና የጀሶ ስሞችም እንዲሁ ከጣልያንኛ መጥተው በቋንቋችን ኖረዋል። በሱቅ ውስጥ ስማቸውን ጠርቶ መግዛት ቀላል ነው፤ ነገር ግን ጠባያቸውን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

መጀመሪያው የሸክላ ጭቃ ነው። በአዲስ አበባ በቀጨኔ የሚኖሩ ሸክላ ሠሪ እናቶች ጭቃውን አዘጋጅተው ያለ መሽከርከሪያ በእጃቸው ጀበናና ድስት ይሠሩበታል፤ ከእነርሱ ጥቂት መግዛት ይቻላል። ጭቃ ርካሽ ነው፣ መርዝ የለውም፣ ስለዚህ ለታናናሽ ልጆች ከሁሉ ይሻላል። ጕድለቱ ሲደርቅ መኰማተሩ ነው፤ ስለዚህ ቀጭን ሆኖ የወጣ የጠጕር ዘለላ ተሰንጥቆ ይወድቃል። በጭቃ የሚሠራ ጎፈር አጭርና ወፍራም ዘለላ ይኑረው፤ ከገላውም አይራቅ። ፈጽሞ ሳይደርቅም ወደ እሳት አይግባ፤ ውስጡ የቀረው ውኃ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ይሰባብረዋልና።

ሁለተኛው ጀሶ ነው። ጀሶ ከውኃ ጋር ተበጥብጦ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ስለሚጠነክር፣ ጠጕርን በእርጥቡ ለመቅረጽ ጊዜ አይሰጥም። አራዊቱ የሚቆሙበትን ድንጋይና መሬት ለመሥራት ግን እጅግ ይመቻል።

ሦስተኛው ስቱኮ ነው፤ በዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፣ በአንድ ስም የሚጠሩት ነገሮች ብዙዎች ናቸውና። ለግድግዳ የሚሆነው ስቱኮ ወፈር ተደርጎ ሲለጠፍ ይሰነጠቃል። ለመኪና የሚሆነው ማጠንከሪያው ከተጨመረበት በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርቃል፣ ሽታውም ለጤና መልካም አይደለም። ለጠጕር ሥራ የሚስማማው ሁለት ክፍል ሆኖ የሚሸጠውና እንደ ሊጥ በእጅ የሚለወሰው ነው። በውጭ አገር ትንንሽ ምስል የሚሠሩ ሰዎች ግሪን ስታፍ የሚሉት አለ፤ ሰማያዊውና ቢጫው ተለውሰው አረንጓዴ ይሆናሉ። አንድ ሰዓት ተኩል ለሚያህል ጊዜ በእጅ ይታዘዛል፣ በማግሥቱም ጠንክሮ ይገኛል። ይህ ያልተገኘ እንደ ሆነ፣ ለሚያፈስ ቧንቧ መድፈኛ የሚሆነው የሚለወስ ስቱኮ ሊተካው ይችላል፤ ግን ፈጥኖ ስለሚደርቅ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ብቻ እየለወሱ መሥራት ይገባል።

እዚህ ላይ ለወላጆች አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ሁለት ክፍል ያለው ስቱኮ ሳይደርቅ ቆዳን ሊያስቈጣ ይችላል፤ ስለዚህ በቀጭን የላስቲክ ጓንት ይለወስ። ለታናናሽ ልጆችም አይሰጥ። ማዕድ በሚቀርብበት ጠረጴዛ ላይ አይሠራበት። ከደረቀ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፈግ የሚወጣው ትቢያ እንዳይተነፈስ አፍንጫና አፍ ይሸፈን።

ለመሣሪያ ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ስፌት የሚሰፋበት ወስፌ፣ አንድ መርፌ፣ ከምን አለሽ ተራ የሚገዛ ቀጭን ሽቦና አሮጌ ቢላዋ ይበቃሉ። መሣሪያው ስቱኮው ላይ እንዳይጣበቅ በየጊዜው በውኃ ይርጠብ፤ ወይም ቫዝሊን በጣም በስሱ ይቀባ። ቫዝሊኑ የበዛ እንደ ሆነ ግን ቀጥሎ የሚለጠፈው ስቱኮ አይይዝም።

የሥራው ተራ እንዲህ ነው። አስቀድሞ ከሽቦ አጥንቱ ይታጠፋል፤ በላዩም ገላው ይሠራል። ይህ ገላ ከሚፈለገው መጠን ጥቂት ቀጠን ይበል፤ ጠጕሩ ኋላ ሲጨመርበት ያወፍረዋልና። ገላው ሳይደርቅ ጠጕር የጀመረ ሰው አንዱን ጎን ሲቀርጽ ሌላውን በጣቱ ይደፈጥጣል። ስለዚህ አንድ ሌሊት ይደር። በማግሥቱ፣ ከእንስሳው ላይ የታየው የጠጕር አካሄድ በደረቀው ገላ ላይ በእርሳስ ቀስት ይመልከት። በአንበሳ ላይ ጠጕሩ ከአፍንጫው ተነሥቶ ወደ ግንባሩ ወደ ኋላ ይተኛል፤ በጀርባው ወደ ጭራው ይሄዳል፤ በጎድኑ ወደ ኋላና ወደ ታች ያዘነብላል፤ በእግሩ ቁልቁል ይወርዳል።

ከዚህ በኋላ ከአንድ ወይም ከሁለት ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ስስ ስቱኮ ይለጠፋል። ከየት ይጀመር ለሚለው ጥያቄ የሣር ቤት ክዳን መልሱን ያስተምራል። ቤት የሚከድን ሰው ከጉልላቱ አይጀምርም፤ ከታች ከጠርዙ ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፣ የላይኛው ሣር የታችኛውን ሥር እንዲሸፍን። ጠጕርም እንዲሁ ነው። ጎፈር ሲሠራ በደረትና በትከሻ ጠርዝ ያለው የመጨረሻው ዘለላ አስቀድሞ ይለጠፍ፤ ቀጥሎ በላዩ ያለው፣ እንዲህ እየተባለ እስከ ግንባር ይድረስ። ከላይ የጀመረ ሰው የጨረሰውን ለመሸፈን እንደ ገና ሲለጥፍ ሥራውን ያበላሻል።

እያንዳንዱ ዘለላ ሲቀረጽ ወስፌው በሥሩ ጠለቅ ብሎ ይጀምር፤ ወደ ጫፉ ሲሄድ ቀስ እያለ ከፍ ይበል፤ በመጨረሻው ፈሩ ቀጥኖ ይጥፋ። አካሄዱም ቀጥ ያለ አይሁን፤ እንደ ወንዝ ጥቂት ይታጠፍ። አንዱ ዘለላ ረጅም ቢሆን ጎረቤቱ አጭር ይሁን፤ ሁለት ሦስቱ በጫፋቸው ይገናኙ። ዘለላዎቹ ካለቁ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል መቈየት ይገባል። ስቱኮው ገና ለስላሳ ሳለ የተጫረ ቀጭን መስመር ተመልሶ ይከደናል፤ ጥቂት ጠንከር ሲል የተጫረ ግን ጥርት ብሎ ይቀራል። በመርፌ የሚሠሩት ቀጫጭን መስመሮች ለዚህ ሰዓት ይቈዩ፤ እነርሱም በየዘለላው ላይ ሦስት ወይም አራት ቢሆኑ ይበቃሉ።

ትዕግሥት ያነሰው ልጅ በሚዶ አበጥሮ በአንድ ጊዜ ለመጨረስ ይፈተናል። ይህን አትፍቀዱለት። በሚዶ የተበጠረ ስቱኮ የታረሰ ማሳ ይመስላል፤ ፈሩ ሁሉ እኩል፣ ርቀቱ ሁሉ አንድ ይሆናል፤ ሕያው እንስሳ ግን እንዲህ ያለ ጠጕር የለውም።

አራዊቱ ሁሉ በአንድ መንገድ እንደማይሠሩም ማወቅ ይገባል። የበግ ጠጕር እንደ አንበሳ ጎፈር ወደ አንድ ወገን አይወርድም፤ የተጠቀለለ ነው። ለእርሱ ወስፌውን ትቶ፣ ጫፉ የተቀጠቀጠ መፋቂያ ይዞ ስቱኮውን እየወጉ ማንሣት ይሻላል። ደበሎ ለብሶ ያደገ ሰው ይህን መልክ በእጁ ያውቀዋል። በሬና ላም ጠጕራቸው አጭርና የተኛ ነው፤ በትንሽ ምስል ላይ ምንም መስመር ባይጫር ይመረጣል፣ በግንባራቸው ላይ ካለው ሽክርክሪት በቀር። ወንዱ ጭላዳ ከትከሻው የሚወርድ ረጅም ጠጕር አለው፤ ደረቱ ላይ ግን ጠጕር የሌለበት ቀይ ስፍራ አለ። ያን ስፍራ ልስልስ አድርጎ መተው የትከሻውን ጠጕር ይበልጥ ያጎላዋል። ባዶው ስፍራ ለሙሉው ምስክር ነውና።

ስለ አንበሳ ግን በተለይ የምንለው አለ። በስድስት ኪሎ የአንበሳ ግቢ ይጠበቁ ከነበሩት አንበሶች ዐሥራ አምስቱን ሊቃውንት መርምረው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ባወጡት ጥናት፣ እነዚህ አንበሶች በዘራቸው ከሌሎች አንበሶች ተለይተው እንደሚታወቁ ገልጸዋል። ወንዶቹ ጎፈራቸው ጠቆር ያለ ነው፤ ከራስና ከአንገት አልፎም በደረት በኩል እስከ ሆድ ይወርዳል። ከውጭ አገር የመጣ የላስቲክ አንበሳ ተመልክቶ የሚቀርጽ ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ቢጫ ጎፈር እንደ አንገት ልብስ በአንገት ላይ ብቻ ያደርግለታል። እንዲህ የተሠራው አንበሳ ክፉ ሥራ አይደለም፤ ነገር ግን ልጁ የአገሩን አንበሳ አላየም ማለት ነው።

ቀለሙም እንደ ቅርጹ ጥላን የሚከተል ነው። አስቀድሞ ጠቆር ያለ ቀለም በሁሉ ላይ ይቀባ፣ ፈር ውስጥ እንዲገባ። ከደረቀ በኋላ ፈካ ያለ ቀለም በብሩሽ ይወሰድና ብሩሹ በጨርቅ ላይ ተጠርጎ ሊደርቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ዘለላዎቹን አቋርጦ በስሱ ይለፍባቸው። ቀለሙ ከፍ ያለውን ብቻ ይነካል፤ ዝቅ ያለው በጥላው ይቀራል። በዚህ ጊዜ የቀደመው ድካም ሁሉ በአንድ ጊዜ ይታያል፤ ልጁም ደስ ይለዋል።

የተከበራችሁ አንባብያን፤ ይህን ሁሉ ያመጣነው ስለ አሻንጉሊት ብቻ አይደለም። ጭቃን ይዞ መልክ ማውጣት በአገራችን ያልነበረ ጥበብ አይደለም። ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው በወለቃ መንደር የቤተ እስራኤል ሴቶች ከሸክላ አንበሳና የሰው ምስል እየሠሩ ለመንገደኛ ይሸጡ ነበር። ይህ ሥራቸው በውጭ አገር ሳይቀር የታወቀ ነው። በአገራቸው ግን ለብዙ ዘመን ምስጋና አላገኙበትም፤ እጃቸው የሠራውን ጀበና እየገዛ እነርሱን ቡዳ እያለ የሚሰድብ ሰው ብዙ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ማስነገራቸው ነውሩ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደ ነበረ ያሳያል። ከዚያም በኋላ ነውሩ በአንድ ቀን አልጠፋም። የቤተ እስራኤል ሰዎች በ1977 ዓ.ም. እና በግንቦት 1983 ዓ.ም. በብዛት ወደ እስራኤል ሲሄዱ፣ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፍ የነበረው የእጅ ዕውቀትም አብሮ ሄደ። በወለቃ የቀሩ ሴቶች ሥራውን ቢቀጥሉም፣ የተሰደበ ጥበብ ወራሽ ማግኘት እንደሚቸግረው ከዚህ እንረዳለን።

ዛሬም በብዙ ቤት ልጅ ጭቃ ሲነካ ልብሱን አቈሸሸ ተብሎ ይቈጣሉ፤ ከመርካቶ የተገዛ የላስቲክ አንበሳ ሲሰጡት ግን እንደ ቸርነት ይቈጠራል። የተገዛው አንበሳ በሳምንቱ ተሰብሮ ይጣላል፤ ልጁም ከእርሱ የተማረው ነገር የለም። በእጁ የሠራው አንበሳ ጎፈሩ ቢጣመም እንኳ፣ ልጁ ጎፈር ከየት ተነሥቶ እስከ የት እንደሚወርድ ዕድሜውን ሁሉ ያውቃል። ነገ የሹመት ወንበር ላይ ሲቀመጥም፣ ስለ ዱር አራዊት ጥበቃም ሆነ ስለ ሸክላ ሠሪ ጉዳይ የሚጻፍ ወረቀት ወደ እርሱ በቀረበ ጊዜ፣ የሚያውቀውንና የነካውን ነገር ያነባል።

ስለዚህ በሚመጣው የዕረፍት ቀን ከልጆቻችሁ ጋር አንድ ነገር እንድትሞክሩ እንለምናለን። ወደ ቀጨኔ ወይም ወደ መርካቶ ይዛችኋቸው ሂዱ፤ ጭቃውን ከሸክላ ሠሪዋ እጅ ሲገዙ እመቤቴ ብለው በአክብሮት ሰላምታ ይስጧት፣ ጭቃው እንዴት እንደሚለወስም ይጠይቋት። እርስዋ በአንድ ሰዓት የምታስተምራቸው፣ ይህ ዐምድ በሦስት ሳምንት ጽፎ ከሚያስረዳው ይበልጣል። በበግ ይጀምሩ፤ በጉ ሲሳካላቸው ወደ ጭላዳው ይለፉ፤ አንበሳው ለመጨረሻ ይቈይ።